በቆመበት የሚያነክስ ሞተር

እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አሮጌ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችኋል። መኪናዋ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም። ነገር ግን መኪናዋ ወባ እንደ ያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። መስተዋቱ ይርገበገባል፤ በሩ ይንኳኳል። ሹፌሩ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ቤንዚን መስጫውን ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል። አረንጓዴው ሲበራ መኪናዋ እንደ አንካሳ በቅሎ እያነከሰች ትነሣለች።

ይህን በሽታ ብዙ ሹፌር ያውቀዋል። መነሻውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለማያውቅም በግምት ዕቃ ይገዛል። ዛሬ ካንዴላ ይገዛል፤ ነገ ቦቢና፤ ከነገ ወዲያ ካርቡራቶር። ገንዘቡ ያልቃል። መኪናዋ ግን ያው ናት።

እኔ የማውቃቸው አንድ ሹፌር ይህ ደርሶባቸዋል። በአሮጌ ላዳ ታክሲ አምስት ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ላዳ ከሩሲያ የመጣች መኪና ናት። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠራች። መሠረቷ ግን ፊያት 124 የምትባለው የጣሊያን መኪና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና አገልግላለች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና አውቆ መያዝ ከፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል።

የሹፌሩ ላዳ በቆመችበት መንቀጥቀጥ ጀመረች። አራት አዲስ ካንዴላ ገዙ፤ አልተሻላትም። ከዚያ «ካርቡራቶሩ ነው» ተባሉ። ተበድረው ካርቡራቶር ለወጡ። መንቀጥቀጡ አልቀረም። «መምህር፣ መኪናዋን ልሸጣት ነው። ተሽጣ ምን እንደምሠራ ግን አላውቅም» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ሰው እንጠይቅ» አልኳቸው። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ወደ እሳቸው ሄድን። እዚያ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ሦስቱ ጉልቻ

ሽማግሌው መካኒክ መሣሪያ አላነሡም። በመጀመሪያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ድስት በስንት ጉልቻ ይቆማል?»

«በሦስት» አሉ ሹፌሩ።

«ሞተርም እንዲሁ ነው። አንዱ ጉልቻ ከጎደለ ድስቱ ይገለበጣል።»

የሞተር ሦስት ጉልቻዎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ. የቤንዚንና የአየር ድብልቅ። ድብልቁ በልክ መሆን አለበት። ቤንዚን ከበዛ እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል። አየር ከበዛ ደግሞ እሳቱ አይያዝም።

2ኛ. ብልጭታ። ካንዴላ በሰዓቱ እሳት መጫር አለበት። ቢዘገይም ቢቀድምም ሥራው ይበላሻል።

3ኛ. እመቃ። ድብልቁ ከመቃጠሉ በፊት በኃይል መጨመቅ አለበት። የሚያፈተልክበት ቀዳዳ ካለ ኃይል የለም።

ላዳ አራት ሲሊንደር አላት። ሲሊንደር ማለት ፒስተን ከላይ ወደ ታች የሚመላለስበት ክብ ጉድጓድ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ሥራ በየተራ ይሠራል። ድብልቁን ይስባል፤ ይጨምቃል፤ ያቃጥላል፤ ጭሱን ያስወጣል። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ይዞራል።

እስቲ እናስላ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። ይህን ዝቅተኛ አዟዟር መካኒኮች «ሚኒሞ» ይሉታል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። አራቱ ሲደመሩ 1,600 ይሆናል። አንዱ ሥራ ቢያቆም 1,200 ብቻ ይቀራል። አራት ሰው የተሸከመውን ቃሬዛ አንዱ ቢለቀው ምን ይሆናል? ቃሬዛው ይዘማል። የሞተሩም መንቀጥቀጥ ይኸው ነው።

አስቀድሞ ጆሮ

መካኒኩ ሞተሩ እንዲነሣ አደረጉ። ከዚያ ከመኪናዋ ኋላ ሄደው ጎንበስ አሉ። የጭስ ማውጫውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ድምፁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምቱን የጠበቀ ነው። «ጱ፣ ጱ፣ ጱ፣ ዝም» ይላል። ደግሞ «ጱ፣ ጱ፣ ጱ፣ ዝም።» ይህ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያርፈው አንዱ ሲሊንደር ነው። ሁለተኛው ምት የለውም። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይዘላል። ይህ ከሆነ ጥፋቱ አራቱም በሚጋሩት ነገር ላይ ሊሆን ይችላል። አራቱ የሚጋሩት ካርቡራቶሩን፣ ቦቢናውንና ፑንቲናውን ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ ጠየቁ፦ «መቼ ነው የሚብስባት? ስትቆም ነው ወይስ ዳገት ስትወጣ?»

«ስትቆም ነው ጋሼ። ስትሮጥ ይሻላታል» አሉ ሹፌሩ።

ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው። ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ በመጀመሪያ ብልጭታውን መጠርጠር ነው። ሞተሩ ሲጫነው ድብልቁ ይበልጥ ይጨመቃል። ደካማ ብልጭታ ያን ጊዜ መዝለል ያቅተዋል። በቆመችበት ብቻ የሚብስ ከሆነ ግን የአየር ማፍተልከክ፣ የሚኒሞ ቀዳዳ መደፈን፣ ወይም በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ብቻ ካስቸገረ ድብልቁን መመርመር ነው። ከሞቀ በኋላ ብቻ ካስቸገረ ደግሞ ቦቢናውንና ኮንደንሰሩን ማየት ይገባል።

ያረፈውን ሲሊንደር መፈለግ

የላዳዋ ድምፅ ምቱን የጠበቀ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር አርፏል። የትኛው? መካኒኩ ለሹፌሩ «ወረቀት አለህ?» አሏቸው። ሹፌሩ ከኪሳቸው ደብተር አወጡ። 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ጻፉ። አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው የፊተኛው ነው።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፉ። የአንደኛውን የካንዴላ ገመድ ነቀሉ። ገመዱን በአንድ ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰኩት። ያን ካንዴላ ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው አገናኙት። ይህን ያደረጉት ብልጭታው መሄጃ እንዲያገኝ ነው። መሄጃ ካጣ ቦቢናውን ሊጎዳ፣ ሰውንም ሊመታ ይችላል። በዚህ ገመድ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

ከዚያ ሞተሩን አስነሡ። ከፊቱ ይበልጥ ተንቀጠቀጠ፤ ሊጠፋም ደረሰ። «አየህ፣ አንደኛው ሲሠራ ነበር። ስናስቆመው ሞተሩ ተጎዳ። ጻፍ» አሉ። ሹፌሩ «1 — ቀነሰ» ብለው ጻፉ። ሞተሩ ጠፋ፤ ገመዱ ተመለሰ። ሁለተኛውም ተሞከረ። «2 — ቀነሰ።» ሦስተኛው ሲነቀል ግን ሞተሩ ምንም አልተለወጠም። ያው መንቀጥቀጥ ነው። «3 — ለውጥ የለም።» አራተኛው ደግሞ ቀነሰ።

ከሞተ ሰው ላይ ሸክም ቢወርድለት ምን ይሰማዋል? ምንም። ያረፈውም ሲሊንደር እንዲሁ ነው። በሽተኛው 3ኛው ነው ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ምርመራ ለአሮጌ መኪና ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው ውስጥ ጭስ የሚያጣራ ዕቃ አላቸው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ያን ዕቃ ያቃጥለዋል። በአሮጌውም ቢሆን ሙከራው አጭር ይሁን።

ቦታ መለዋወጥ

አሁን ደግሞ 3ኛው ለምን እንዳረፈ መፈለግ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለውን ዕቃ ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል። መካኒኩ የ3ኛውን ካንዴላ ወደ 2ኛው፣ የ2ኛውን ወደ 3ኛው አዛወሩ። ምርመራው ተደገመ። ጥፋቱ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ 2ኛው ቢሄድ ኖሮ ጥፋተኛው ካንዴላው ይሆን ነበር። አልሄደም። ገመዱንም ከ4ኛው ጋር ለዋወጡ፤ ማሠራጫው ላይ ያለውን ቦታ ሳያሳስቱ። ጥፋቱ አሁንም 3ኛው ላይ ቀረ።

ደንቡ አጭር ነው። ጥፋቱ ዕቃውን ከተከተለ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ካልተከተለ ዕቃው ንጹሕ ነው። ለዚህ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ካንዴላ ሲወጣ ደግሞ ቀለሙ ይነበባል። ካንዴላ እንደ ፊደል ነው፤ ለሚያውቀው ይናገራል።

ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ድስት ቂጥ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚን ገብቶ አልተቃጠለም። ጥቁር ሆኖ ዘይት ከነካው ዘይት ከፒስተን ቀለበት ወይም ከቫልቭ በኩል ያፈተልካል። ነጭ ሆኖ ከነፈረ ደግሞ ቤንዚን አንሷል፤ ወይም ሙቀት በዝቷል። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት በአሮጌዋ ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ስለ ጥላሸት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አምስት እጅ ቢሆን አንዱ ያህል ይጎድላል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላም ይጠቁራል። በተቃራኒው ለደጋ የተለካ ካርቡራቶር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ መኪናዋ የምትሠራበትን አገር ማሰብ ይገባል።

ብልጭታ የሚጠፋባቸው ቦታዎች

የሹፌሩ ላዳ ብልጭታ ደህና ነበር። የሌላ ሰው መኪና ግን ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የብልጭታውን መንገድ እንመልከት።

ቦቢና የባትሪውን ትንሽ ኃይል ወደ ትልቅ ኃይል ይለውጣል። ፑንቲና የምትባለው ትንሽ ብረት እየተከፈተች እየተዘጋች ቦቢናውን ታዛለች። ማሠራጫው ኃይሉን ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ያድላል።

ፑንቲና ታልቃለች። ፊቷ ይጎደጉዳል። የላዳ ፑንቲና ስትከፈት ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ክፍተቷ ከጠበበ ብልጭታው ይዘገያል። ፑንቲና ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለች ደግሞ አጠገቧ ያለውን ኮንደንሰር መጠርጠር ነው።

የማሠራጫው ክዳን በስንጥቅና በእርጥበት ይታመማል። በክረምት ጠዋት መኪና አልነሣም ካለች ወይም ካነከሰች ክዳኑን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ከታየ ክዳኑ ተሰንጥቋል። ገመዶቹን ለማየት ደግሞ ጨለማ ይረዳል። ማታ ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሰማያዊ ብልጭታ ከገመዱ ወደ ብረቱ ሲዘል ከታየ ገመዱ ተቀዷል። ማየት ብቻ ነው፤ መንካት የለም።

ገመዶቹ ቦታቸውን ከሳቱም ሞተሩ ያነክሳል። የላዳ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። የአሮጌዋ ፎልክስዋገን ግን 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ገመድ ከመንቀል በፊት ቁጥሩን በወረቀት ቆርጦ ማሰር ከስሕተት ያድናል።

አየርና ቤንዚን

ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጓርኒሲዮን አለ። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ ነው። እሱ ከተቀደደ፣ ወይም የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ፣ ያልተለካ አየር ይገባል። ምልክቱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅና ከፍ ዝቅ የሚል ሚኒሞ ነው። ለማረጋገጥ የሳሙና ውኃ በብሩሽ መገጣጠሚያውን ቀባ ማድረግ ነው። ቀዳዳ ካለ ውኃው ይሳባል፤ የሞተሩም ድምፅ ለጊዜው ይለወጣል። አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ። ይህ መኪናንም ሰውንም ያቃጥላል። ፈጽሞ አይደረግም።

መኪናዋ በሩጫ ደህና ሆና፣ እግር ሲነሣ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል። ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ናት። በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ነው። በሽቦ መጎርጎር አይገባም። ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋል፤ ቤንዚን ፈጅ ያደርጋታል።

ብዙ ሹፌር ሞተሩ ሲያነክስ ካቻቪቴ አንሥቶ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ይህ በሽታን በነጠላ መሸፈን ነው። ቤንዚን ያልቃል፤ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። የካርቡራቶር ቡሎን መንካት የመጨረሻ ሥራ ነው። ብልጭታውና ቫልቩ ከተስተካከሉ በኋላ፣ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ነው የሚነካው።

ዝም ያለው ቫልቭ

ወደ ሹፌሩ ላዳ እንመለስ። ካንዴላው ንጹሕ ነው። ገመዱ ንጹሕ ነው። ካርቡራቶሩ አዲስ ነው። የቀረው ሦስተኛው ጉልቻ ነው፤ እመቃ።

መካኒኩ አራቱን ካንዴላ አወጡ። ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን ገመድ ለዩ። የእመቃ መለኪያውን በየተራ ገጠሙ። ሹፌሩ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው ሞተሪኖውን አዞሩ። ከዚያ ወርደው ቁጥሩን ጻፉ። 9፣ 9፣ 5፣ 9።

በከፍታ አገር ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዋናው ነገር አራቱን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ልዩነቱ ከ1 ካለፈ ችግር አለ። እዚህ ልዩነቱ 4 ነው።

መካኒኩ በ3ኛው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አደረጉና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ቢል ኖሮ ያለቀው የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ይደፍነዋልና። ከፍ አላለም። ስለዚህ ከላይ ነው የሚያፈተልከው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠር ነበር። የወረደው ግን አንድ ነው። ቫልቭ ነው ማለት ነው።

ቫልቭ የሲሊንደር በር ነው። በሩን የሚከፍተው ብረት ከቫልቩ ጋር መጠነኛ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። በላዳ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠፋ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። እሳት በዚያ ስንጥቅ ያልፋል። ቫልቩም ይቃጠላል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ በማግስቱ ጠዋት ተመለስን። መካኒኩ ክዳኑን ከፈቱ። ስሷን መለኪያ ብረት በ3ኛው የጭስ ቫልቭ በኩል ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባችም። ክፍተቱ ጠፍቷል። አስተካከሉት፤ የሌሎቹንም አዩ። ከዚያ እመቃውን ለኩ። 8 ተኩል ሆነ።

«ዕድለኛ ነህ፤ ቫልቩ ገና አልተቃጠለም። የሚያንኳኳ ቫልቭ ይነዘንዝሃል፤ ዝም ያለው ግን ሳይነግርህ ይቃጠላል» አሉ ሽማግሌው።

ሞተሩ ተነሣ። መስተዋቱ አልተርገበገበም። ሹፌሩ ኮፋኖው ላይ እጃቸውን ጭነው ቆዩ። ከዚያ «የካርቡራቶሩ ዕዳ ገና አላለቀም» አሉ በለሆሳስ። እውነታቸውን ነው። የተበደሩት ገንዘብ ለማያስፈልግ ዕቃ ወጥቷል። መኪናዋ ግን አልተሸጠችም።

ሕይወት ከመኪና ይበልጣል

እነዚህን አትርሱ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሡ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ቤንዚን በተከፈተበት ቦታ ሲጋራና ክብሪት አይኑር። ነጠላ፣ ሻሽና ረጅም ፀጉር ከሚዞር ቺንጊያ ይራቅ። የጋለ ራዲያተር አይከፈት።

መካኒክ ላልሆነ ሰው ቫልቭ ማስተካከል ከባድ ሊሆን ይችላል። ለባለሙያው መስጠት ነው። ነገር ግን «3ኛው ሲሊንደር አርፏል፤ ካንዴላውና ገመዱ ተለዋውጠው ታይተዋል» ብሎ የሚናገር ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ሹፌሩ ያቺን ወረቀት አልጣሏትም። ቀን ጽፈውባት መኪናዋ ውስጥ አስቀመጧት። ከሥሯም በራሳቸው እጅ «ከስድስት ወር በኋላ ቫልቭ ይታይ» የሚል ጨመሩባት።

ጥያቄዎች

1. የሞተር ሦስቱ ጉልቻዎች ምን ምን ናቸው?
2. የአንዱ ካንዴላ ገመድ ተነቅሎ ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ ምን ማለት ነው?
3. ጥላሸት የያዘ ካንዴላ ምን ይናገራል?
4. ሞተሩ በደቂቃ 900 ጊዜ ቢዞር አንዱ ሲሊንደር ስንት ጊዜ ያቃጥላል? አራቱስ?
5. ሹፌሩ ካርቡራቶር ከመግዛታቸው በፊት ምን ማድረግ ነበረባቸው? በሦስት መስመር ጻፉ።